የደንገሉ መርከበኛ

ጌዶ ላይ ተቀምጦ ስለ ባሕር ማውራት ሊያስቅ ይችላል። ከአምቦ ተነስቶ ጉደርን አልፎ ወደ ነቀምቴ በሚዘልቀው መንገድ ላይ ያለች ደጋ ከተማ ናት። የአካባቢው ትልቅ ውሃ ጉደር ነው፤ እሱም ቁልቁል ወርዶ ዓባይ ውስጥ ይገባል። ዛሬ የማስተዋውቃችሁ ግን የባሕር ደራሲ ነው፤ ታሪኩም በዚሁ በዓባይ ምንጭ በኩል ያልፋል።

ቶር ሄየርዳል በ1907 ዓ.ም. ላርቪክ በተባለች የኖርዌይ የወደብ ከተማ ተወለደ። በልጅነቱ ከመስጠም ለጥቂት ስለተረፈ ውሃ ይፈራ ነበር፤ ዋና የለመደውም ሃያ ዓመት ካለፈው በኋላ ነው። ይኸው ፈሪ በ1939 ዓ.ም. አምስት ጓደኞቹን ይዞ፣ ዘጠኝ የባልሳ ግንዶች በገመድ ጠፍሮ፣ ከፔሩ ወደ ሰላማዊ ውቅያኖስ ወጣ። ከ101 ቀን በኋላ ፖሊኔዥያ ደርሶ ከድንጋያማ ዳርቻ ጋር ተላተመ። ሁሉም ተረፉ። «ኮን-ቲኪ» የተባለው መጽሐፉ ከ60 በላይ ቋንቋዎች ተተርጉሟል፤ ፊልሙም ኦስካር አግኝቷል። ፖሊኔዥያን መጀመሪያ ያቀኑት ከደቡብ አሜሪካ የሄዱ ሰዎች ናቸው የሚለውን ሐሳቡን ግን አብዛኞቹ ምሁራን አልተቀበሉትም። እኔም በዚህ ከምሁራኑ ጋር ነኝ፤ መጽሐፉን ግን አንዴ ከጀመርኩ ማስቀመጥ አልችልም።

ወደ እኛ የመጣው በሁለተኛው ጥያቄው ነው። የጥንት ግብፆች በደንገል መርከብ አትላንቲክን መሻገር ይችሉ ነበር? ግብፅ ውስጥ ደንገል ከጠፋ ቆይቷል ማለት ይቻላል። ጣና ላይ ግን ሞልቶ ነበር። ስለዚህ 12 ቶን ያህል ከጣና ታጭዶ ወደ ግብፅ ተጫነ።

ደንገልን የጣና ሰው ነው የሚያውቀው፤ ነገደ ወይጦዎች ታንኳ የሚሠሩት ከሱ ነው። የአገዳው ውስጥ እንደ ስፖንጅ ነው፤ አየር ስለያዘ ይንሳፈፋል፣ ውሃ ሲጠጣ ደግሞ ይከብዳል። ለዚህ ነው ታንኳው ከሥራ በኋላ ዳር ወጥቶ እንዲደርቅ የሚደረገው። አዋቂ ነን ባዮች ደንገል ባሕር ላይ ሁለት ሳምንት አይቆይም ብለው ነበር። ገሳ ለብሶ ከብት የጠበቀ ሰው ቢጠየቅ ኖሮ፣ ሣር ጠበቅ ተደርጎ ከታሰረ ከውሃ ጋር እንደሚከራከር ይነግራቸው ነበር።

15 ሜትር የሚረዝመውን መርከብ ከቻድ ሐይቅ የመጡ ባለሙያዎች በፒራሚዶቹ ሥር ሠሩት። «ራ» ተባለ። በግብፆች የግድግዳ ሥዕል ላይ፣ ወደ ላይ ከተቆለመመው የመርከቡ ጭራ ወደ ወለሉ የተወጠረ ገመድ ይታያል። ሠሪዎቹ ጥቅሙ አልታያቸውም፤ ጭራው ያለ ገመድም ቀጥ ብሎ ቆሟልና ተዉት። መርከቡ ወደ ሞሮኮ ተወስዶ፣ በግንቦት 1961 ዓ.ም. ከሳፊ ወደብ ሰባት ሰው ይዞ ተነሳ። በመጀመሪያው ቀን መቅዘፊያዎቹ ተሰበሩ። ከዚያም ጭራው ቀስ በቀስ ውሃ ውስጥ ዘቀጠ፤ ገመዱ ለካ ኋላውን እንደ ቀስት ወጥሮ የሚይዝ ነበር። 5,000 ኪሎ ሜትር ያህል ከሄዱ በኋላ፣ ባርቤዶስ ሊደርሱ ጥቂት ሲቀራቸው መርከቡን ትተው ወጡ። ሄየርዳልን የምወድለት እዚህ ላይ ነው፤ ስህተቱን አልሸሸገም፣ ስለ «ራ» ለጻፈው መጽሐፍ ዋና ታሪክ አደረገው።

በዓመቱ ተመለሰ። 12 ሜትር የሚሆነውን «ራ 2»ን ከቦሊቪያ፣ ከቲቲካካ ሐይቅ የመጡ የአይማራ ሰዎች ሠሩለት። ከሳፊ ግንቦት 9 ቀን 1962 ዓ.ም. ተነስቶ በ57 ቀን ባርቤዶስ ገባ። በመንገድ ላይ የታዘቡትን የነዳጅ ጭቅቅት በየቀኑ መዝግበው ለተባበሩት መንግሥታት አሳወቁ፤ ከ57ቱ ቀን በ43ቱ አይተውት ነበር።

የመጨረሻው ትልቅ የሸምበቆ መርከቡ «ቲግሪስ» ከኢራቅ ተነስቶ፣ ፓኪስታንን ነክቶ፣ በ1970 ዓ.ም. ጅቡቲ ደረሰ። ወቅቱ የኦጋዴን ጦርነት ነበር፤ ካራማራ ላይ ድል ከተገኘ አንድ ወር አልሞላም። ቀይ ባሕር ዙሪያው ጦርነት ስለነበር መርከቡ ማለፊያ አጣ። መጋቢት 25 ቀን ሄየርዳልና ጓደኞቹ በገዛ እጃቸው አቃጠሉት፤ ለድሃ አገሮች መሣሪያ የሚሸጡትን ሀብታም አገሮች የሚወቅስ ደብዳቤም ለተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ ላኩ።

ሄየርዳል በ1994 ዓ.ም. አረፈ። የመርከበኞቹ ስም በየመጽሐፉ አለ፤ ጣና ላይ ጎንበስ ብለው ደንገሉን ያጨዱትን ግን ማን ያስታውሳቸዋል? «ራ 2» አሁን ኦስሎ፣ ኮን-ቲኪ ሙዚየም ውስጥ ቆሟል። እግር ጥሎት ወደዚያ የሚሄድ ያገሬ ሰው ካለ፣ ገብቶ ይየው።