የቦሌ አየርና የቱርቦ መዘግየት

ባለፈው የዕረፍት ጊዜ አንድ የገርጂ ሠፈራችን ልጅ ጥያቄ ይዞ መጣብኝ። ይህ ልጅ በአሮጌ የቱርቦ መኪናው ሰው እያመላለሰ እናቱንና ሁለት እኅቶቹን ያስተዳድራል። «አንተ ተምረሃል፤ ናይትረስ የሚባለውን ጋዝ መኪናዬ ላይ ባስገጥም ይበጀኛል ወይ?» አለኝ። እኔ የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ነኝ፤ ስለ ሞተር የጠየቀኝ ሰው እስከዚያ ቀን አልነበረም። ቢሆንም አላውቅም ብሎ መመለስ አሳፈረኝና መጽሐፍ አገላበጥሁ፤ መካኒኮችንም ጠየቅሁ። ጥያቄው የእርሱ ብቻ ስላልሆነ ያገኘሁትን ለእናንተም አቀርባለሁ።

የልጁ ችግር ይህ ነው። ከኢምፔሪያል ወደ መገናኛ ሲወጣ ነዳጅ ቢረግጥም መኪናው ወዲያው አይታዘዝም። አንድ ሁለት ሴኮንድ ያመነታል፤ ከዚያ አለንጋ እንደ ቀመሰች በቅሎ ድንገት ይፈተለካል። ይህንን ማመንታት የቱርቦ መዘግየት እንበለው።

ምክንያቱን ለመረዳት ከአየር መነሣት ያስፈልጋል። ሞተር ነዳጅ ብቻ አይበላም፤ አየርም ይበላል። ነዳጁ የሚቃጠለው በአየር ውስጥ ባለው ኦክሲጅን ነውና። ቦሌ ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ 2,330 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይገኛል። በዚህ ከፍታ ያለው የአየር ግፊት ጅቡቲ ወደብ ላይ ካለው ሦስት አራተኛው ያህል ብቻ ነው። እናቶቻችን ይህንኑ በድስታቸው ያዩታል፤ ውሃው በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ ሽንብራው ቶሎ አይበስልላቸውም። የአውሮፕላን ማረፊያውም ምስክር ነው። በ1955 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ የጀት አውሮፕላን ሲያስገባ የልደታው ሜዳ አልበቃ ብሎ ወደ ቦሌ መዛወር ግድ ሆነ። ዛሬ ከቦሌ ማኮብኮቢያዎች አንዱ 3,800 ሜትር ይረዝማል፤ በስስ አየር ለመነሣት ረጅም መንደርደሪያ ያስፈልጋልና። የሯጮቻችን ደም ከስስ አየር ጋር ይላመዳል፤ የሞተር ብረት ግን አይላመድም።

ቱርቦ የተፈለገው ለዚህ ዓይነቱ ችግር ጭምር ነው። ስዊሳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ቡኪ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1905 የፈጠራ መብቱን አስመዘገበ። በ1918 ደግሞ አሜሪካዊው ሳንፎርድ ሞስ አንድ የአውሮፕላን ሞተር በመኪና ጭኖ 4,300 ሜትር ከፍታ ያለው የፓይክስ ተራራ ጫፍ ላይ አወጣውና ፈተነው። ሞተሩ ያለ ቱርቦ 230፣ በቱርቦ 356 የፈረስ ጉልበት ሰጠ። እንግዲህ ቱርቦ ተፈትኖ የተመሰከረለት እንደ እኛ ባለ ደጋ ነው ማለት ይቻላል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከሞተሩ የሚወጣው ትኩስ ጭስ ወደ ማርሚታ ከመሄዱ በፊት አንዲት ትንሽ መዘውር ያዞራል። በዚያው ዘንግ ማዶ ያለችው ሁለተኛ መዘውር ንጹሕ አየር ጠቅጥቃ ወደ ሲሊንደሮቹ ትገፋለች። በትንንሽ መኪናዎች እነዚህ መዘውሮች በደቂቃ ከ100,000 ጊዜ በላይ ይዞራሉ። ችግሩም የሚመነጨው ከዚሁ ነው። አየር እንዲበዛ ጭስ ያስፈልጋል፤ ጭስ እንዲበዛ ደግሞ አየር ያስፈልጋል። ሾፌሩ በዝቅተኛ ዙር ሳለ ነዳጅ ሲረግጥ አንዱ ሌላውን እስኪጠብቅ ጊዜ ያልፋል። በቦሌ ይህ ይብሳል። ቱርቦው እስኪነቃ ድረስ ሞተሩ ከቆላው አየር ሦስት አራተኛውን ብቻ ይስባል፤ ስለዚህ ጭሱ ያንሳል፣ መዘውሯም ዘግይታ ትነቃለች። ከነቃችም በኋላ የጎደለውን ለመሙላት ከቆላው የበለጠ መዞር ይኖርባታል።

አሁን ወደ ጋዙ እንምጣ። ናይትረስ ኦክሳይድ እንግሊዛዊው ጆሴፍ ፕሪስትሊ በ1772 ያገኘው፣ የጥርስ ሐኪሞች ሕመም ለማስታገስ የሚጠቀሙበት፣ «የሳቅ ጋዝ» የሚባለው ነው። ብዙ ሰው እንደሚያስበው ነዳጅ አይደለም። ኃይሉ በያዘው ኦክሲጅን ላይ ነው፤ አየር ከክብደቱ 23 በመቶ ያህል ኦክሲጅን ሲኖረው ይህ ጋዝ 36 በመቶ አለው። ፈሳሽ ሆኖ በብረት ጠርሙስ ይታሸጋል። ወደ ሞተሩ አየር ማስገቢያ ሲረጭ ወዲያው ይተንና አየሩን በብርቱ ያቀዘቅዘዋል፤ ቀዝቃዛ አየር ደግሞ የታመቀ ነው። በሲሊንደሩ ውስጥ ሙቀቱ 300 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ጋዙ ተበጣጥሶ ኦክሲጅኑን ይለቃል። ከዚያ ጋር ተጨማሪ ነዳጅ ሲገባ እሳቱ ይበረታል፣ ጭሱ ይበዛል፣ ቱርቦውም ቶሎ ይነቃል። የቱርቦው ግፊት በቂ ሲሆን ጋዙን የሚዘጋ መቆጣጠሪያ ይገጠማል። ሥራው መቀስቀስ ነው፤ ከቀሰቀሰ በኋላ ይሰናበታል። ኦክሲጅኑን በጠርሙስ ይዞ ስለሚመጣም የአየሩ መሳሳት አይገደውም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጀርመኖች በከፍተኛ ሰማይ ለሚበርሩ አውሮፕላኖቻቸው የተጠቀሙበት ስለዚህ ነው።

ታዲያ ለገርጂው ልጅ «አስገጥም» ልበለው? በበኩሌ አልኩት እንጂ የምለው «ተው» ነው። አንደኛ፣ ጋዙ ገብቶ በቤንዚን ሞተር ነዳጁ ካነሰ ሙቀቱ ከልክ ያልፍና ካንዴላውን፣ አልፎም ፒስተኑን ያቀልጣል። ሁለተኛ፣ ለዚህ ጉልበት ያልተሠራ ፍሪሲዮንና ቴስታታ ብዙ አይቆይም። ሦስተኛ፣ አንድ ጠርሙስ በድምሩ ጥቂት ደቂቃ ቢከፈት ያልቃል። ለውድድር ይበቃ ይሆናል፤ ከጧት እስከ ማታ አቀበት ለሚወጣ ሠራተኛ ግን ትርፉን የሚበላ ነው። ጠርሙሱ ፀሐይ ላይ ሲውልም ግፊቱ ያሻቅባል። አራተኛውና ዋናው፣ የሠፈራችን መንገድ የመኪና ብቻ አይደለም። ተማሪ ይሻገርበታል፣ እናቶች በቆሎ ይጠብሱበታል። ባልታሰበ ቅጽበት የሚፈተለክ መኪና በእነርሱ ላይ የሚያደርሰውን በምንም ጋዝ መመለስ አይቻልም።

ልጁ ጋዙን ሊሸጥለት የፈለገው ጋራዥ ኮፈኑን እንኳ አልከፈተም ነበር። ወደ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ይዤው ሄድሁ። ሽማግሌው ሞተሩን አስነሥተው ጥቂት አዳመጡና ከቱርቦው ወደ ሞተሩ የሚሄደውን የጎማ ቱቦ በጣታቸው ዳሰሱ። ተሰንጥቋል። ቱርቦው የጠቀጠቀው አየር ግማሽ መንገድ ላይ ያመልጥ ነበር ማለት ነው። የአየር ማጣሪያውም ሲወጣ አቧራ ጠግቦ ጠቁሯል። ሁለቱም ተለወጡ። «ከዚህ በኋላ አቀበቱ ከመጀመሩ በፊት ማርሽ ቀንስ፤ ሞተሩ ዙር ይዞ ይጠብቅህ» አሉት። መዘግየቱ ፈጽሞ አልጠፋም፤ የቱርቦ ጠባይ ነውና አይጠፋም። ነገር ግን ልጁ አሁን የሚያውቀውና የሚጠብቀው ነገር ሆኗል። ለጋዙ ያጠራቀመው ገንዘብም ለታናሽ እኅቱ ትምህርት ተረፈ።

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር ስለማይበላ የቦሌ ከፍታ አይጎዳውም፤ ሲረገጥም ወዲያው ይታዘዛል። ቢሆንም ቀደም ብለው የገቡት የነዳጅ መኪናዎች ገና ብዙ ዓመት ያገለግሉናል፤ የሚነዷቸውም እንደ ገርጂው ልጅ ያሉ ቤተሰብ አስተዳዳሪዎች ናቸው።

ስለዚህ ለአምስት ኪሎ የምሕንድስና ተማሪ ወንድሞችና እኅቶቼ አንድ ልመና አለኝ። ይህን ሁሉ እናንተ ከእኔ አሥር እጅ አሻሽላችሁ ታውቁታላችሁ። ነገር ግን የምታውቁት በእንግሊዝኛ ነው፤ ሾፌሩ የሚጠይቀው በአማርኛ ነው። በመካከሉ የሚገባው ዕቃ ሻጭ ነው። አንድ ገጽ በአማርኛ ብትጽፉ ስንቱን ከከንቱ ወጪና ከአደጋ ታድኑ ነበር! የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ስለ ቱርቦ እስኪጽፍ ድረስ ባትጠብቁ ደስ ይለኛል።