ጠያቂ የሌለው ልጅ

ልጅ የሚጎዳው ድሃ ቤት ነው የሚለውን፣ ተማርን ከሚሉ ሰዎች አፍ ሳይቀር እሰማለሁ። እንዲህ በደፈናው ሲባል አልስማማም።

እ.ኤ.አ. በ1998 ፌሊቲና አንዳ የተባሉ ሐኪሞች ከባልደረቦቻቸው ጋር አንድ ጥናት አሳትመው ነበር። የጠየቁት አሜሪካ ውስጥ ከ9,500 የሚበልጡ የሳንዲዬጎ ከተማ ሰዎችን ነው፤ የጤና መድን ያላቸው፣ ብዙዎቹ ኮሌጅ የቀመሱ። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በልጅነታቸው ቢያንስ አንዱ ደርሶባቸዋል፦ ዱላ፣ ስድብ፣ ወሲባዊ ጥቃት፣ የእናት መደብደብ፣ ቤት ውስጥ ጠጪ፣ የአእምሮ ሕመምተኛ ወይም እስረኛ መኖር።

እኔን ያስደነገጠኝ ቀጥሎ ያለው ነው። አንዱ የደረሰበት ልጅ ሌላም የሚደርስበት ዕድል ከ65 እስከ 93 በመቶ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ ሚስቱን ስለሚደበድብ ሰው «ልጆቹን ግን ነክቶ አያውቅም» ሲሏችሁ ቶሎ አትመኑ።

ማጣት ምንም አያደርግም አላልኩም። የቤት ኪራይ ያስጨነቀው ወላጅ እጁ ይፈጥናል። ግን አጥታ ልጇን ጦሙን ያሳደረች እናት ልጇን ችላ አለች አይባልም። ሁሉ ሞልቶ፣ ልጅ ሲያተኩሰው ግንባሩን የሚዳስስ የሚጠፋበት ቤትም አለ።

እዚያ መጠይቅ ውስጥ ያልገባ የእኛ አገር ቤት ደግሞ አለ። «ከተማ ገብታ ትማር» ተብላ ዘመድ ጋ የተላከች ልጅ። ከሁሉም ቀድማ ትነሳለች፣ ከሁሉም በኋላ ትበላለች፤ ትምህርቱ ወደ ማታ ይዛወራል፣ ቆይቶም ይቀራል። ለእንግዳ «ልጃችን ናት» ይባላል። (እኔንም ያሳደገችኝ አክስቴ ናት፤ የዘመድ ቤት ሁሉ ክፉ ነው የሚል ካለ መጀመሪያ የምከራከረው እኔ ነኝ።) እናቱ ዓረብ አገር ያለች ልጅም ከዚህ አይርቅም፤ ገንዘቡ በየወሩ ይደርሳል፣ የልጁ ወሬ ግን የሚመጣው በአሳዳጊው ስልክ ነው።

ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 36 ሕፃናትን አካል ከሚጎዳ ቅጣት ሲጠብቅ ትምህርት ቤትንና የማሳደጊያ ተቋማትን ይጠቅሳል። መኖሪያ ቤትን በስም አይጠራም።

ልጃችሁ ሰው ቤት ካለ ስትደውሉ ስፒከር አስጠፍታችሁ ለብቻው አናግሩት። «ደህና ነህ?» ብቻ አትበሉት፤ «ደህና ነኝ» ከማለት ሌላ ምን ይመልሳል? ትናንት ማታ ምን እንደበላ፣ የት እንደተኛ፣ ስንት ሰዓት እንደተነሳ ጠይቁት።