የእንሰት ጓሮና ድክ ድክ የሚሉ ሕፃናት

በጉራጌ ዞን በቸሃ ወረዳ የምትገኘው እምድብርና በዙሪያዋ ያሉት መንደሮች በአረንጓዴነታቸው ይታወቃሉ። ከቤቱ ፊት ለፊት ጀፎረ የሚባለው ሰፊ የሣር ጎዳና ተዘርግቷል፤ ከቤቱ ጀርባ ደግሞ የእንሰት ተክል ጥቅጥቅ ብሎ ይታያል። አንትሮፖሎጂስቱ ዊልያም ሻክ እ.ኤ.አ. በ1966 ባሳተመው መጽሐፍ ርእስ ላይ ሳይቀር ማኅበረሰቡን ከእንሰት ጋር አያይዞ መግለጹ ያለ ምክንያት አልነበረም። ቆጮና ቡላው፣ ጎመኑ፣ ቡናው፣ የከብቱ መኖና የቤቱ መድኃኒት የሚገኙት ከዚሁ ጓሮ ነው።

ይሁን እንጂ ከአዋቂዎች ጋር ጓሮውን የሚጋራ ሌላ ነዋሪ አለ፤ እርሱም ገና ድክ ድክ ማለት የጀመረው ሕፃን ነው። በዚህ ጽሑፋችን ጓሮውን ከእርሱ ቁመት ሆነን ለመቃኘትና ሳይንስ ስለ አደጋዎቹ የሚለውን ለማስረዳት እንሞክራለን።

ዓለምን በአፍ መመርመር

በዓለም ጤና ድርጅት የእድገት መለኪያ መሠረት የአንድ ዓመት ወንድ ሕፃን አማካይ ቁመት 76 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቱም 9.6 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። በዚህ ዕድሜ ሕፃኑ ያገኘውን ነገር ሁሉ ወደ አፉ ይወስዳል። ይህ የመማር መንገዱ እንጂ ጥፋት አይደለም፤ በቁጣ ብቻ የሚቆምም አይደለም።

እዚህ ላይ ቀላል ስሌት እናስገባ። 60 ኪሎ ግራም የሚመዝን አዋቂና 10 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሕፃን እኩል መጠን ያለው መርዝ ቢውጡ፣ በእያንዳንዱ ኪሎ ግራም ክብደት ሲታሰብ የሕፃኑ ድርሻ ስድስት እጥፍ ይሆናል። ለአዋቂ የሆድ ቁርጠት ብቻ የሚያመጣ ነገር ሕፃንን ለሞት ሊያበቃ የሚችለው በዚህ ምክንያት ጭምር ነው።

መርዝም መድኃኒትም

በሀገራችን በየጓሮውና በየአጥሩ ከሚበቅሉት ዕፅዋት ብዙዎቹ አገልግሎት አላቸው። ጉሎ ምጣድ ለማሟሸት፣ እንዶድ ልብስ ለማጠብ፣ ቅንጭብ አጥር ለማጠር ይውላሉ። ለአዋቂው የታወቁና የተለመዱ በመሆናቸውም አደጋቸው በቀላሉ ይዘነጋል።

የጉሎ ፍሬ ዝንጉርጉርና የሚያብረቀርቅ ስለሆነ የሕፃንን ዓይን ይስባል። በውስጡ ያለው ሪሲን የተባለ ፕሮቲን፣ ሕዋሳት ፕሮቲን የሚሠሩበትን ራይቦዞም ያሰናክላል። ፍሬው ሳይታኘክ ቢዋጥ ጠንካራው ልባስ መርዙን አምቆ ሊያልፍ ይችላል፤ ከታኘከ ግን ጥቂት ፍሬዎች እንኳ ሕፃንን ሊገድሉ ይችላሉ። ምልክቱ ከሰዓታት በኋላ ሊመጣ ስለሚችል «ምንም አልሆነም» ብሎ መዘናጋት አይገባም። እንዶድ በበኩሉ ሳፖኒን የተባለ አረፋ የሚያወጣ ንጥረ ነገር አለው። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በዓድዋ፣ ልብስ በእንዶድ በሚታጠብበት ወንዝ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው የቢልሃርዝያን አስተላላፊ ለመግደል እንደሚያገለግል ያስገነዘቡት በዚሁ ተክል ነው። ያው ንጥረ ነገር ቢዋጥ የሕፃንን ጨጓራና አንጀት ያስቆጣል። የቅንጭብ ነጭ ወተት ደግሞ ዓይን ውስጥ ቢገባ ብርቱ ጉዳት ያደርሳል።

ከሁሉ ይልቅ ለተማሪ የሚያስገርመው የአስተናግርና የፀረ ተባይ ነገር ነው። ነርቭ ለጡንቻና ለዕጢ መልእክት የሚያስተላልፍበት አሴቲልኮሊን የተባለ ንጥረ ነገር አለ፤ ሥራውን ሲፈጽም የሚያፈርሰው ኢንዛይምም አለ። ማላታይንን የመሳሰሉ ኦርጋኖፎስፌት ፀረ ተባዮች ይህን ኢንዛይም ስለሚያግዱ መልእክቱ ሳይቋረጥ ይቀጥላል፤ ምራቅና እንባ ይበዛል፣ የዓይን ብሌን ይጠባል፣ መተንፈስ ይከብዳል። በአስተናግር ውስጥ የሚገኘው አትሮፒን ግን የመልእክቱን መቀበያ ይዘጋል፤ አፍ ይደርቃል፣ ብሌን ይሰፋል፣ ሰውነት ይግላል፣ ሕፃኑ ይቃዣል። አንዱ የሌላው ተቃራኒ በመሆኑ፣ ሐኪሞች በኦርጋኖፎስፌት ለተመረዘ ሰው ከሚሰጧቸው ዋና ማርከሻዎች አንዱ በልክ የተመጠነ አትሮፒን ነው። ሆኖም በተክሉ ውስጥ ያለው መጠን ከቅጠል ቅጠል፣ ከፍሬ ፍሬ ስለሚለያይ በቤት ውስጥ ሊሞከር ከቶ አይገባውም።

ፀረ ተባዩን ይበልጥ አስፈሪ የሚያደርገው አቀማመጡ ነው። ማላታይንም ሆነ በረኪና በለስላሳ መጠጥ ወይም በውኃ ጠርሙስ ተቀድቶ ሲቀመጥ፣ ሕፃኑ የሚያነበው በጠርሙሱ ቅርጽ ነው፤ ቅርጹ ደግሞ «የሚጠጣ ነው» ይለዋል።

ዓይን የማያየው አደጋ

እንሰት በከብት ፍግ ይለመልማል፤ ዶሮዎችም በጓሮው ይጭራሉ። ሕፃኑ የሚድኸውና የሚቀመጠው በዚሁ አፈር ላይ ነው። የወስፋት ዕንቁላል ከሰው ዓይነ ምድር ጋር አፈር ውስጥ ከገባ በኋላ በሳምንታት ውስጥ ለመበከል ይደርሳል፤ ለዓመታትም ሊቆይ ይችላል። በዶሮ ኩስ ውስጥ ደግሞ ተቅማጥ የሚያስከትለው ካምፒሎባክተር ይገኛል።

ታዲያ ዶሮ ማርባት ይቅር ማለት ነውን? አይደለም። ዴሬክ ሄዲና ካሌ ሂርቮነን በኢትዮጵያ ገጠር መረጃ ላይ ተመሥርተው እ.ኤ.አ. በ2016 ያሳተሙት ጥናት፣ ዶሮ ያላቸው ቤተሰቦች ልጆች በቁመት እድገታቸው የተሻሉ ሆነው እንደተገኙ፣ ዶሮዎቹ ሌሊት ሰው በሚኖርበት ቤት ውስጥ ሲያድሩ ግን ግንኙነቱ ወደ ጉዳት እንደሚያዘነብል አመልክቷል። ዕንቁላሉ ይጠቅማል፤ ኩሱ ይጎዳል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የጥቂት እርምጃዎች ርቀትና አንድ የዶሮ ቆጥ ነው።

ጉድጓድና ውኃ

የሕፃን ራስ ከአካሉ አንጻር ትልቅ ነው። በአዋቂ ራስ የቁመት አንድ ስምንተኛ ገደማ ሲሆን በተወለደ ሕፃን ግን አንድ አራተኛ ያህል ነው። ስለዚህ ሕፃን ወደ ባልዲ ወይም ወደ ሳፋ ጎንበስ ሲል በቀላሉ በራሱ ይደፋል፤ ተመልሶ ለመነሣትም ጉልበት ያንሰዋል። ቆጮ የሚብላላበት ጉድጓድም፣ በተለይ ቆጮው ወጥቶ ባዶውን ሲቀርና በክረምት ዝናብ ውኃ ሲያቁር፣ ተመሳሳይ ወጥመድ ይሆናል። በውኃ መስጠም ድምፅ የለውም፤ «ቢወድቅ እንሰማለን» የሚለው ግምት ስሕተት ነው።

ጓሮውን በርቀት መደልደል

ከላይ ያየናቸውን አደጋዎች አንድ የሚያደርጋቸው ነገር አለ፤ ሁሉም ጠቃሚ ነገሮች ናቸው፤ ችግሩ ያሉበት ቦታ ነው። በመሆኑም መፍትሔው ጓሮውን መመንጠር ሳይሆን መደልደል ነው።

ከበሩ አጠገብ፣ ሕፃኑ በሚደርስበት ስፍራ፣ ጎመንና በሶብላን የመሳሰሉ ቢቀመሱ የማይጎዱ አትክልቶች ይሁኑ፤ በዚያም በቀርከሃ ወይም በእንጨት የታጠረ፣ ፍግና ዶሮ የማይገባበት ንጹሕ መጫወቻ ይዘጋጅ። ከዚያ ቀጥሎ ቡናውና እንሰቱ ይሁኑ፤ በመካከላቸው ያለው ጉድጓድ ሕፃን ሊያነሣው በማይችል ክዳን ይከደን፣ ባዶ ከሆነም ይሞላ። ጉሎና እንዶድ አስፈላጊ ከሆኑ ከአጥሩ ዳር ይቆዩ፤ የረገፈው ፍሬም ይለቀም። አስተናግር አበባ ሳያወጣ ይነቀል። ፀረ ተባይ በራሱ ዕቃ ከነጽሑፉ፣ ቁልፍ ባለው ሣጥን፣ ከፍ ብሎ ይቀመጥ። ገጀራና የእንሰት መፋቂያ ከሥራ በኋላ ይሰቀሉ።

አንድ ማሳሰቢያ እንጨምር። በዚምባብዌ ገጠር የተካሄደውና ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመው ሰፊ ሙከራ፣ ለሕፃናት መጫወቻ ምንጣፍና አጥር ከመጸዳጃና ከእጅ መታጠቢያ ጋር ቢያቀርብም የተቅማጥ መቀነስም ሆነ የእድገት መሻሻል አላሳየም። ከዚህ የምንማረው አንዲት ንጹሕ ጥግ ብቻዋን እንደማትበቃ፣ ግቢው በሙሉ መታሰብ እንዳለበት ነው።

አደጋ ቢደርስ

ሕፃኑ መርዝ ከዋጠ ለማስመለስ አይሞከር፤ ወተትም ማርከሻ አይደለም። በአፉ የቀረው ይጥረግ፤ ከዚያም የተዋጠው ተክል ቁራጭ ወይም የፀረ ተባዩ ዕቃ ተይዞ ወዲያውኑ ወደ ቅርብ ጤና ተቋም ይወሰድ። ዓይን ውስጥ የዕፅዋት ወተት ከገባ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ በንጹሕ ውኃ ይታጠብና ሐኪም ይየው።

ውድ አንባቢያን፣ ብዙዎቻችሁ ለበዓልና ለክረምት ዕረፍት ወደ ቤተሰባችሁ ትመለሳላችሁ። ለመስቀል እምድብር ስትገቡ፣ ቤቱ በዘመድና በልጆች በሚሞላበት በዚያ ሰሞን፣ በጓሮው ውስጥ አንድ ጊዜ በርከክ ብላችሁ ከ76 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ተመልከቱ። እጃችሁ የሚደርስበትን ሁሉ ቁጠሩ። ከዚያ ከእናትና ከአባት ጋር ሆናችሁ መነሣት ያለበትን አንሡ፤ መከደን ያለበትን ክደኑ።