ጠቆር ያለው አለት ስሙን ከምን ያገኛል?

ከሚኒሶታዋ ሴንት ፖል በስተምሥራቅ በምትገኘው ዉድበሪ ሥር፣ በአሸዋና በኖራ ድንጋይ ንጣፎች ተሸፍኖ፣ አንድ የከሸፈ ስምጥ ሸለቆ ተቀብሯል። ከ1.1 ቢሊዮን ዓመት በፊት ምድር በዚህ አካባቢ እንደ ምሥራቅ አፍሪካው ስምጥ ሸለቆ መሰንጠቅ ጀምራ ነበር፤ ነገር ግን ለሁለት ሳትከፈል ቀረች።

ከዉድበሪ በስተሰሜን 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በምትገኘው ታማራክ አቅራቢያ፣ በዚያ ዘመን ወደ ላይ የወጣው ማግማ ኒኬልና መዳብ የያዘ አለት ትቶ አልፏል። ታሎን ሜታልስ የተባለው ኩባንያ እንደ አውሮፓውያኑ በ2022 ከዚህ ስፍራ ለቴስላ ኒኬል ለማቅረብ ተስማምቷል። ነባሮቹ የኦጂብዌ ሕዝቦች ግን ቁፋሮው ውሃቸውንና የዱር ሩዛቸውን እንዳይበክል ይሰጋሉ።

ይህን ማዕድን የተሸከመው አለት ፔሪዶታይት ይባላል።

ስሙ እንዴት ይወሰናል?

ፔሪዶታይት ‘አልትራማፊክ’ ከሚባሉት አለቶች ይመደባል። እነዚህ ከማግማ የተፈጠሩና ቢያንስ 90 በመቶው ይዘታቸው ብረትና ማግኒዚየም የበዛባቸው ማዕድናት የሆኑ ናቸው። በዓይን ሲታዩ ስለሚመሳሰሉ፣ ባለሙያዎች አለቱን 0.03 ሚሊ ሜትር እስኪሳሳ ሞርደው በማይክሮስኮፕ የእያንዳንዱን ማዕድን ድርሻ ይለካሉ።

ለምደባው ዋነኞቹ ኦሊቪንና ሁለት ዓይነት ፓይሮክሲን ናቸው፤ አንደኛው ፓይሮክሲን ካልሲየም ይበዛበታል፣ ሌላው ያንስበታል። ኦሊቪን ከ40 በመቶ ከበለጠ አለቱ ፔሪዶታይት፣ ካነሰ ፓይሮክሲናይት ነው። ኦሊቪን ከ90 በመቶ ካለፈ ደግሞ ዱናይት ይሰኛል። ከ40 እስከ 90 በመቶ ባለው መካከል ስሙን የሚወስነው ፓይሮክሲኑ ነው፦ ካልሲየም ያነሰበት ከሆነ ሀርዝበርጋይት፣ የበዛበት ከሆነ ዌርላይት፣ ሁለቱም ካሉ ለርዞላይት ይባላል።

ከዩብዶ የተገኘው ትምህርት

በምዕራብ ወለጋዋ ዩብዶ ከ1920ዎቹ ጀምሮ ፕላቲነም ወጥቷል። ብረቱ የተገኘው ዱናይቱ በየዘመናቱ እየበሰበሰ በፈጠረው አፈርና በጅረቶች ደለል ውስጥ ነው። ዱናይቱን ፓይሮክሲናይት ስለሚከብበው፣ በካርታ ላይ ሁለቱን የሚለየው መስመር ፈላጊው ከየት መጀመር እንዳለበት ይጠቁማል።

የዱናይቱ ከፊል በሲሊካ ተተክቶ መልኩን ቀይሯል። የስዊዘርላንዱ ሊቅ ሉዊ ዱፓርክና ባልደረቦቹ በ1927 ይህን አለት በቢርቢር ወንዝ ስም ‘ቢርቢራይት’ ብለውታል።

ስም ግን ሀብትን አያረጋግጥም። ኒኬል በኦሊቪን ውስጥ ተቆልፎ ከቀረ ለማውጣት አዳጋች ነው፤ ከድኝ ጋር ተዋህዶ ሲገኝ ግን ማውጣቱ ይቀላል። ስለዚህ የአለቱ ስም የፍለጋው መነሻ እንጂ መደምደሚያ አይደለም።