ከኦፕራሲዮን በፊት እናንተ ብቻ የምታውቁት ነገር አለ

ኢኮኖሚክስ የተማረ ሰው «የመረጃ አለመመጣጠን» የሚለውን ሐሳብ በቀላሉ አይረሳም። ሻጭ ስለ ዕቃው ከገዢው የበለጠ ያውቃል፤ ሐኪምም ስለ በሽታው ከታካሚው የበለጠ ያውቃል። ኦፕራሲዮን ላይ ግን ተገላቢጦሹም አለ። የሚያመው ግራ ነው ቀኝ? ጠዋት ምን ቀመሳችሁ? የትኛው መድኃኒት አይስማማችሁም? ይህን ከእናንተ በላይ የሚያውቅ የለም።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ባለ 19 ነጥብ የቀዶ ሕክምና ደህንነት ማረጋገጫ ዝርዝር አውጥቷል። የመጀመሪያውን ነጥብ የሚያረጋግጠው ራሱ ታካሚው ነው፦ ማንነቱን፣ የሚሠራለትን ኦፕራሲዮን፣ ቦታውንና ፈቃዱን። ዝርዝሩ አንዱ ታንዛኒያ ውስጥ በሚገኝባቸው ስምንት ሆስፒታሎች ሲሞከር የታካሚዎች ሞት ከ1.5 በመቶ ወደ 0.8 በመቶ ወርዷል።

እኛ ጋ ትልቁ እንቅፋት ይሉኝታ ይመስለኛል። «ዶክተር እንዴት ይጠየቃል?» እንላለን። ነርሷ «አበበ ነህ?» ስትል «አዎ» ብሎ ማለፍ ይቀለናል። ክፍሉ ውስጥ ሌላ አበበ ቢኖርስ? ስለዚህ ስማችሁን ከነአያት፣ የሚሠራላችሁን ነገርና ጎኑን በራሳችሁ አፍ ተናገሩ። እጅ፣ እግር፣ ዓይን ወይም ኩላሊት ከሆነ ማደንዘዣ ከመወጋታችሁ በፊት ቦታው ላይ ምልክት እንዲደረግ ጠይቁ።

የምትወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ከነማሸጊያው በስልካችሁ ፎቶ አንሱና ለሐኪሙ አሳዩ። አስፕሪንም ሆነ የባህል መድኃኒት አትደብቁ፤ አንዳንዱ ደም እንዳይረጋ ያደርጋል። በራሳችሁ ውሳኔ ግን ምንም አታቋርጡ። ቦታውን ቤት ውስጥ በምላጭ አትላጩ፤ ምላጭ የሚተወው ጭረት ለኢንፌክሽን በር ይከፍታል።

ምግብ ላይ ደግሞ ቤተሰብ ያስቸግራል። «ባዶ ሆድህንማ አትገባም» ተብሎ አጥሚት ይመጣል። በማደንዘዣ ጊዜ ግን ሆድ ውስጥ ያለው ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል። ከተባለው ሰዓት በኋላ አትቅመሱ። ከቀመሳችሁ ተናገሩ፤ ቀጠሮው ቢራዘም ይሻላል።

ይህ ሁሉ ኃላፊነቱን ታካሚው ላይ ለመጣል አይደለም። ፋሻና መሣሪያ የሚቆጥረው ቡድኑ ነው፤ እናንተ ያኔ ተኝታችኋል። በድንገተኛ አደጋ ራሱን ስቶ የገባ ሰውም ምንም ሊናገር አይችልም። ለዚያ ቀን አሁኑኑ መዘጋጀት ግን ይቻላል። ብዙ ስማርት ስልኮች ተቆልፈውም የሚነበብ የድንገተኛ ሕክምና መረጃ መሙያ አላቸው። የማይስማማችሁን መድኃኒት፣ ያለባችሁን በሽታና የቅርብ ሰው ስልክ ቁጥር ሙሉ። አምስት ደቂቃም አይፈጅም።