አምስቱ የሒዶት የሚወሰነው 7ኛ ክፍል ላይ ነው

በእስራኤል ከአሽቀሎን ማሪና ወደ ደቡብ ቢያማትሩ የሩተንበርግ ኃይል ማመንጫ ረጃጅም ጭስ ማውጫዎች ይታያሉ። ከዚያው አካባቢ እ.ኤ.አ. በ2005 ሥራ የጀመረ የባሕር ውኃ ማጣሪያ አለ። ሲከፈት በዓለም ካሉት ትልልቆቹ አንዱ ነበር። ጨዋማውን ውኃ ከአየር ግፊት ከ60 እስከ 70 እጥፍ በሚደርስ ኃይል በስስ ሽፋን ውስጥ ይገፋዋል። አንድ ሜትር ኪዩብ ንጹሕ ውኃ ለማውጣት ከሁለት ሜትር ኪዩብ የሚበልጥ የባሕር ውኃ ይስባል። መቶኛ፣ ግፊት፣ የጨው መጠን፦ የሒሳብና የፊዚክስ ትምህርት ከነምሳሌው በሰፈር ተቀምጧል።

አሽቀሎን ብዙ ቤተ እስራኤላውያን ከኢትዮጵያ ከመጡ በኋላ ከሠፈሩባቸው ከተሞች አንዷ ናት። እዚህ ወላጅ ስለ ልጁ ሒሳብ ሲያወራ ግን ደጋግሞ የሚያነሣው «ሐሜሽ የሒዶት» (አምስት የትምህርት አሃድ) ነው። ባግሩት በሚባለው የሁለተኛ ደረጃ መልቀቂያ ፈተና ሒሳብ በ3፣ በ4 ወይም በ5 የሒዶት ይወሰዳል። አምስቱን ላለፈ ተማሪ ዩኒቨርሲቲዎች በሒሳብ ውጤቱ ላይ 35 ነጥብ ይጨምሩለታል፤ ምሕንድስናና ኮምፒውተር የሚያስገባው በር ሰፋ ይልለታል። ከ2006 እስከ 2012 በአገሪቱ አምስቱን የሚወስዱ ተማሪዎች ከ13 ሺህ ገደማ ወደ 9 ሺህ ገደማ ወረዱ። መንግሥት በ2015 «ላቴት ሐሜሽ» (አምስት መስጠት) የሚል ዘመቻ የጀመረው ቁጥሩን ለመመለስ ነው። የቴክኖሎጂ ኩባንያዎችና በጎ አድራጊ ድርጅቶችም አብረው ገቡበት፤ ቁጥሩም አንሰራራ።

ወደ እኛ፣ ወደ ቤተ እስራኤል ልጆች ስንመጣ ከሁሉ በፊት የሚነሣው የኢትዮጵያውያን ብሔራዊ ፕሮጀክት ነው። የእስራኤል መንግሥት፣ የሰሜን አሜሪካ የአይሁድ ፌዴሬሽኖች፣ የአይሁድ ኤጀንሲና የማኅበረሰቡ ተወካዮች አንድ ላይ ያቆሙት ነው። «ስፔስ» የተባለው መርሐ ግብሩ ከክፍል በኋላ ተማሪዎችን በትንንሽ ቡድን ሰብስቦ ሒሳብ፣ እንግሊዝኛና ሌሎች ትምህርቶችን ያስጠናል፤ ምግብም አለው። ምግቡን ቀላል ነገር የሚያደርጉ ሰዎች አሉ። ከትምህርት ቤት ርቦት የመጣ ልጅ ለእኩልታ ጆሮ እንደሌለው ግን እናት ታውቃለች።

ገንዘብና አስጠኚ ቢገኝም ችግሩ ጊዜው ላይ ነው። በመካከለኛ ደረጃ ሒሳብ ተማሪዎች «ሀቅባጻ» በሚባለው ክፍፍል ከ7ኛ ክፍል አካባቢ ጀምሮ በየደረጃው ይመደባሉ። ዝቅ ያለው ውስጥ የገባ ልጅ ወደ ላይ መውጣት ይከብደዋል። አባቱ ዕብራይስጡ ያልጠነከረ ከሆነ ምደባው ምን ማለት እንደሆነ የሚረዳው ልጁ 11ኛ ክፍል ሲደርስ ነው። ያን ጊዜ የሚመጣ አስጠኚ የተዘጋ በር ነው የሚያንኳኳው። ለዚህ ፊደል የተባለው ማኅበር ከሁሉ የተሻለ ነገር አስቦ ነበር ብዬ አምናለሁ፤ አማርኛ የሚናገሩ አገናኞች በትምህርት ቤቱና በወላጁ መካከል እንዲቆሙ አደረገ። ሒሳብ አያስተምሩም። ወላጁ በጊዜ እንዲጠይቅ ግን ያደርጋሉ።

ሌላም የሚቆጨኝ አለ። ከእነዚህ ልጆች አያቶች ብዙዎቹ በጎንደር አካባቢ ብረት ቀጥቃጮችና ሸክላ ሠሪዎች ነበሩ። ብረቱ በየትኛው ቀለም ሲግል እንደሚመታ፣ ጭቃው ምን ያህል አሸዋ እንደሚሻ በእጃቸው ያውቁ ነበር። ልጆቹ ግን ሳይንስን ከቤታቸው ውጭ እንዳለ ነገር ነው የሚማሩት። አንዲት ሸክላ ሠሪ አያት ስለ እሳት ሙቀት ለ8ኛ ክፍል ተማሪዎች ብትናገር ኬሚስትሪው አይበላሽም።

አገር ቤት፣ ኢትዮጵያም መንገዱ ሌላ ቢሆንም ጥያቄው ያው ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ስቴምፓወር የተባለው ድርጅት ከዩኒቨርሲቲዎች ጋር ተባብሮ ማዕከላት ከፍቷል፤ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲም የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን የሚያሠራ ማዕከል አለው። እዚያ ልጁ የወረዳ ትምህርት ቤቱ ያላሳየውን ሰርኪዩት በእጁ ይገጣጥማል። አሽቀሎን ላይ ግን የትምህርት መሣሪያ አልጠፋም፤ ከጥቅምት 2023 ወዲህ የሮኬት ጥቃት ክፍሉን ደጋግሞ ቢዘጋውም ትምህርት ቤቱ አለ፣ ማጣሪያውም በባሕሩ ዳር ቆሟል። የ7ኛ ክፍል ምደባ ሲወጣ ወረቀቱን ለአባትየው በአማርኛ የሚያነብለት ሰው ግን በየትምህርት ቤቱ አይገኝም።