ሠሪው ማን ነው?

በጋይንት የምትገኘውን ቤተልሔምን የድጓ ተማሪ ሁሉ ያውቃታል፤ ማስመስከሪያው እዚያ ነውና። ተመርቆ የወጣውም መሪጌታ «ከማን ተማሩ?» ተብሎ ሲጠየቅ የመምህሩን፣ ቀጥሎም የመምህሩን መምህር ስም ያነሣል። እንግዲህ ትምህርት በአገራችን ከነባለቤቱ የሚተላለፍ ነው ማለት ነው።

የእጅ ሥራ ግን ይህን ዕድል አላገኘም። በዚያችው በቤተልሔም፣ ኋላ በተጨመረው ክብ ጣራ ሥር፣ ከድንጋይና ከእንጨት የታነጸ ባለ አራት ማዕዘን ጥንታዊ ሕንፃ አለ። ቶማስ ፓከንሃም የተባለ ጸሐፊ በ1959 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ስለዚህ ሕንፃ ለውጭ አገር ሰው አስታወቀ። ያየው ሰው ስም ሲታወቅ፣ የሠሩት ሰዎች ስም ግን ሲነሣ አይሰማም።

አንባቢ ሆይ፣ ይህ የጥንት ዘመን ጉዳይ ብቻ አይምሰልህ። በአሜሪካ አታሪ የተባለው ኩባንያ በቴሌቪዥን የሚታዩ የኤሌክትሮኒክ ጨዋታዎችን ሲሸጥ የሠሪዎቹን ስም አይገልጽም ነበር። በዚህ ምክንያት አራት ባለሙያዎች ወጥተው በ1979 እ.ኤ.አ. አክቲቪዥን የተባለውን ኩባንያ ከመሠረቱት መካከል ሆኑ፤ በዚያም ሠሪው በስሙ እንዲታወቅ አደረጉ። ዋረን ሮቢኔት የተባለው ሌላ ባልደረባቸው ደግሞ «አድቬንቸር» በተባለው ጨዋታ ውስጥ ምስጢራዊ ክፍል ሠርቶ ስሙን በዚያ ደበቀ። አለቆቹ አላወቁም፤ ሲጫወት ያገኘው የ15 ዓመት ልጅ ነው። ከዚያ ወዲህ የቀሩትን ስም አልባ ሠሪዎች የሚፈልጉ ሰዎች አሮጌ ጨዋታዎችን እየመረመሩ፣ በሕይወት ያሉትንም እየጠየቁ ስማቸውን ያወጣሉ።

ሮቢኔት ያደረገውን የእኛ ቁም ጸሐፊዎች ቀድመው ያውቁት ነበር። ብዙዎቹ ብራናውን ሲፈጽሙ በመጨረሻው ገጽ ስማቸውን አስፍረው በጸሎት አስቡኝ ይላሉ።

ስለዚህ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ያለ ወጣት ሁሉ አንድ ደብተር ይያዝ። የደብሩን ሥዕል ማን ሣለው? በሩን ማን ጠረበው? ጣራውን ማን አዋቀረው? ብራናው ይመርመር፤ ይልቁንም ሽማግሌዎቹ በሕይወት ሳሉ ይጠየቁ። ብራናው ነገም ሊገኝ ይችላል፤ ሽማግሌው ግን አይቆይም። ስም ከመቃብር በላይ የሚውለው የሚያነሣው ሰው ሲኖር ነው።